የመኪና ጎማና ቸርኬ ልክ

የመኪና ጎማና ቸርኬ ልክ ከፋብሪካ የወጣ ጎማ ወይም ቸርኬ በሌላ ሲተካ አዲሱ በትክክል መቀመጡን የሚወስኑ መለኪያዎች የጋራ ስም ነው። በጎማው በኩል ያሉት ስፋት፣ የጎን ቁመት፣ ዲያሜትር፣ የመሸከም አቅምና የፍጥነት ደረጃ ናቸው። በቸርኬው በኩል ደግሞ የብሎን ክብ፣ የመሐል ቀዳዳ፣ ስፋት፣ ኦፍሴት እና የዳዶ መቀመጫ አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲስት ቸርኬው ጭራሽ አልገባ ሊል ይችላል። የከፋው ግን የገባ መስሎ በትክክል ሳይቀመጥ ሲቀር ነው፤ መኪናው ከጋራዥ ወጥቶ ይሄዳል፣ ጉዳቱ የሚታየው መንገድ ላይ ነው።

በሌላው ዓለም ጉዳዩ በብዛት የሚነሳው ከስፖርት መኪኖች ጋር ተያይዞ ነው፤ ባለቤቶቻቸው ሰፊ ጎማና ትልቅ ቸርኬ መቀየር ይወዳሉና። በኢትዮጵያ የስፖርት መኪና ጥቂት ቢሆንም ጥያቄው ግን የዕለት ተዕለት ነው። አብዛኛው መኪና ያገለገለ ሆኖ ከተለያዩ አገሮች የገባ ስለሆነ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት መኪኖች የተለያየ ልክ ሊኖራቸው ይችላል። ከትልልቅ ገበያዎች ርቀው በሚገኙ ከተሞች ደግሞ የስህተቱ ዋጋ ይጨምራል። በአርባ ምንጭ ሴቻ የሚኖር ባለመኪና ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ አሎይ ቸርኬ ቢያስመጣ ዕቃው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይደርሳል፤ ልኩ ካልሆነ ያንኑ መንገድ ይመለሳል፣ ሻጩ ከተቀበለው ማለት ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካትና ቁጥሩን በትክክል መናገር መቻል በገንዘብም የሚታይ ጥቅም አለው።

ስያሜ

የአማርኛው የመኪና ቃላት በብዛት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ (በውስጥ የሚገባው አየር መያዣ)፣ ጎሚስታ (ጎማ ጠጋኙ)፣ ዳዶ፣ ሞዞ (ቸርኬው የሚያርፍበት የመኪናው አካል)፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) እና ክሪክ ከዚሁ ምንጭ ናቸው። በኋላ የመጡት እንደ ባላንስ፣ አላይመንት፣ ኦፍሴት ያሉት ግን የእንግሊዝኛ ናቸው።

በዕለት ንግግር «ጎማ» የሚለው ቃል ላስቲኩን ብቻ ሳይሆን ከነቸርኬው ያለውን ሙሉውን ክፍል ይጠራል። «አራት ጎማ እፈልጋለሁ» ያለ ሰው ላስቲኩን ብቻ ይሁን ከነቸርኬው ካልተነገረ በስልክ የሚደረግ ግዢ ከመጀመሪያው ይበላሻል። በዚህ ጽሑፍ ጎማ ሲባል ላስቲኩ፣ ቸርኬ ሲባል ብረቱ ወይም አልሙኒየሙ ነው።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው

በአንድ ትንሽ ቶዮታ ቪትዝ ላይ የተለመደ ጽሑፍ 175/65 አር 14 82 ቲ ይላል። 175 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ ሲሆን፣ የ175 65 በመቶ 113.75 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አር የሚለው ፊደል ጎማው ራዲያል መሆኑን ያሳያል፤ 14 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 82 የመሸከም አቅም መለያ ቁጥር ነው እንጂ ኪሎ አይደለም። በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ 82 ማለት አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ግራም፣ 88 ማለት 560፣ 91 ማለት 615 ኪሎ ግራም ይችላል ማለት ነው። የመጨረሻው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ነው፤ ቲ በሰዓት 190፣ ኤች 210 ኪሎ ሜትር።

ፋብሪካው ለመኪናው የመረጠው ልክና የነፋስ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይገኛል። ከጃፓን የመጡ መኪኖች ጽሑፉ በጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ የሚነበብ ነው። መነሻ መሆን ያለበት ይህ ወረቀት ነው። አሁን መኪናው ላይ ያለው ጎማ የቀድሞው ባለቤት ያገኘውን የገጠመው ሊሆን ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም።

ሌላው ለኢትዮጵያ አንባቢ ልዩ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የተሠራበት ቀን ነው። «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ተከታይ ኮድ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የቀሩት ሁለት ዓመቱን ይናገራሉ። ዓመቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። 2319 ማለት የ2019 (እ.ኤ.አ.) 23ኛው ሳምንት፣ ማለትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጎማ የሚገዛ ሰው 1217 የሚል ቢያይ «የዘንድሮ ነው» ብሎ ሊደሰት ይችላል፤ ጎማው ግን በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የተሠራ፣ የስምንት ዓመት ዕድሜ ያለው ነው። ሻጩ ምንም ሳይዋሽ ገዢው ራሱ የሚሳሳትበት ቦታ ይህ ነው። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፤ በተለይ ፀሐይ ላይ የቆየ ጎማ በጎኑና በጥርሶቹ መካከል ስንጥቅ ያወጣል። ብዙ የጎማና የመኪና አምራቾች ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንኳ ከ6 ዓመት ጀምሮ በየጊዜው እንዲመረመር፣ ከ10 ዓመት በላይ ደግሞ እንዳይነዳበት ይመክራሉ። ያረጀ ጎማ ለበረባሶ ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ለመኪና ግን አይደለም።

የብሎን ክብ

ቸርኬው በሞዞው ላይ የሚታሰረው በ4፣ በ5 ወይም በ6 ብሎን ነው። የብሎኖቹን መሐል የሚያገናኘው ክብ ዲያሜትር የብሎን ክብ ወይም ፒሲዲ ይባላል። 4×100 ሲባል አራት ብሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ማለት ነው።

ባለአራትና ባለስድስት ብሎን ላይ መለካት ቀላል ነው፤ ከአንዱ ቀዳዳ መሐል እስከ ትይዩው ቀዳዳ መሐል ይለካል። በባለአምስት ላይ ትይዩ ቀዳዳ ስለሌለ የሁለት ጎረቤት ቀዳዳዎች መሐል ለመሐል ርቀት ተለክቶ በ1.7 ይባዛል። 58.8 ሚሊ ሜትር ከተገኘ ክቡ 100፣ 65.8 ከሆነ 112፣ 67.2 ከሆነ 114.3 ነው። በ112 እና በ114.3 መካከል ያለው ልዩነት በማስመሪያ ሲለካ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ ስለማይሞላ በካሊፐር መለካት ይመረጣል።

የመኪናው ስም ብቻውን በቂ አለመሆኑን ቶዮታ ኮሮላ በደንብ ያሳያል። በኢትዮጵያ ዲኤክስ በሚል ስም የሚታወቀው የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መኪና 4×114.3 ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ትውልዶች በብዛት 4×100 ሲሆኑ፣ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ግን 5×100 ነው። ከ2007 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ጀምሮ የተሠሩት ብዙዎቹ 5×114.3 ሆነዋል፤ እንደ ተሠሩበት ገበያ ግን ከዚህ የተለዩም አሉ። «የኮሮላ ቸርኬ» ብሎ ማዘዝ እንግዲህ አራት ዓይነት መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ተከታታይም እንደዚሁ ነው፤ እስከ 1999 (እ.ኤ.አ.) 6×139.7 የነበረው ከዚያ በኋላ 5×150 ሆኗል።

ከሁሉም አታላዩ የላዳ ጉዳይ ነው። ለረጅም ዘመን የአዲስ አበባ ታክሲ የነበረው ላዳ የተወለደው ከፊያት ስለሆነ ክቡ 4×98 ነው። የመሐል ቀዳዳው የሚበቃ 4×100 ቸርኬ ሲጠጋ ገጥሞ ይታያል፤ ልዩነቱ በእያንዳንዱ ብሎን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ብሎኑ በጉልበት ሲጠበቅ ይገባል። ነገር ግን አንዱ ወደ መቀመጫው ሲደርስ ትይዩው ጎኑን ተደግፎ ይቀራል፤ ብሎኑ ይታጠፋል፣ በመንቀጥቀጥ ይላላል፣ በመጨረሻም ሊቆረጥ ይችላል። የተጣመመ ቸርኬ ነው እየተባለ ስንትና ስንት ጊዜ ባላንስ የሚደረግ መንቀጥቀጥ አንዳንዴ መነሻው ይህ ነው።

የመሐል ቀዳዳ

ከቸርኬው መሐል ያለው ትልቁ ቀዳዳ በሞዞው ላይ ተሰክቶ ቸርኬውን መሐል ለመሐል ያስቀምጠዋል። የቪትዝ 54.1 ሚሊ ሜትር፣ ባለ5×114.3 ብሎን የኮሮላዎቹ 60.1፣ የባለስድስት ብሎኑ ሃይሉክስ 106.1 ሚሊ ሜትር ነው። የቸርኬው ቀዳዳ ከሞዞው ካነሰ አይገባም፤ እዚያ ላይ ነገሩ ያበቃል። ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆኑ የሚሠሩ አሎይ ቸርኬዎች ግን ቀዳዳቸው ሆን ተብሎ ሰፊ ይደረጋል፤ 67.1 እና 73.1 የተለመዱ ናቸው። ትርፉን ቦታ የሚሞላ የፕላስቲክ ወይም የአልሙኒየም ቀለበት ካልገባ ቸርኬው በዳዶዎቹ ብቻ ይመራል፣ በፍጥነት ጊዜም መሪው ይርገበገባል። ቀለበቱ ርካሽ ነው፤ ያገለገለ ቸርኬ ሲሸጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋውም እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በ1989 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመጀመሪያው ማዝዳ ኤምኤክስ 5፣ በዓለም ከታወቁት ትናንሽ የስፖርት መኪኖች አንዱ፣ 4×100 እና 54.1 ነው፤ ልክ እንደ ቪትዝ። የአንዱ ቸርኬ በሌላው ሞዞ ላይ ይቀመጣል። ይህ ማለት ግን ይስማማል ማለት አይደለም፤ ስፋት፣ ኦፍሴትና የመሸከም አቅም ገና ይቀራሉ።

ኦፍሴት

ኦፍሴት ከቸርኬው ስፋት እኩሌታ እስከ ሞዞው ማረፊያ ገጽ ያለው ርቀት ሲሆን፣ በቸርኬው ጀርባ «ኢቲ» ከሚለው ቀጥሎ በሚሊ ሜትር ይጻፋል። ቁጥሩ ሲያድግ ጎማው ወደ ውስጥ፣ ሲቀንስ ወደ ውጭ ይወጣል።

ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው አያሰላውም። 5.5 ኢንች ስፋትና ኢቲ 45 ያለው ቸርኬ ግማሽ ስፋቱ 69.85 ሚሊ ሜትር ነው፤ የውጩ ጠርዝ ከሞዞው ገጽ 24.85፣ የውስጡ 114.85 ሚሊ ሜትር ይርቃል። በ7 ኢንች ኢቲ 35 ሲተካ ግማሽ ስፋቱ 88.9 ስለሚሆን የውጩ ጠርዝ 53.9፣ የውስጡ 123.9 ይሆናል። ቸርኬው ወደ ውጭ 29፣ ወደ ውስጥ 9 ሚሊ ሜትር ጨምሯል ማለት ነው። ወደ ውጭ የወጣው መኪናው ሰው ሲሞላና ሲዘቀዝቅ ፓራፋንጎውን ይነካል፤ ወደ ውስጥ የገባው ሞላውን ወይም አመርቲዘሩን ሊፍቅ ይችላል። ባዶ መኪና በጋራዥ ወለል ላይ ቆሞ የተደረገ ሙከራ ይህን አያሳይም። መሪውን ሙሉ በሙሉ ግራና ቀኝ አዙሮ፣ ከኋላ ሦስት ሰው አስቀምጦ ማየት ይገባል። ጎማው ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር ኩሽኔታው የሚሸከመው የመጠምዘዝ ኃይልም ይጨምራልና ዕድሜው ያጥራል።

ቸርኬው ዲያሜትሩ ትልቅ ቢሆንም የውስጡ ቅርጽ ከፍሬኑ ካሊፐር ጋር ሊጋጭ ይችላል። ከፋብሪካው ልክ ያነሰ ዲያሜትር ያለው ቸርኬ በተለይ ትልቅ የፊት ፍሬን ባላቸው መኪኖች ላይ ጭራሽ አይዞርም።

የዳዶ መቀመጫ

የዳዶው ጫፍ ሾጣጣ፣ ክብ ወይም ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል፤ የቸርኬው ቀዳዳ አፍም እንደዚያው መሆን አለበት። የቶዮታ የብረት ቸርኬ በሾጣጣ ዳዶ ይታሰራል፤ ብዙዎቹ የቀድሞ የቶዮታ ፋብሪካ አሎይ ቸርኬዎች ግን ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ባለአንገት ዳዶ ይፈልጋሉ። ሆንዳ ባለክብ ዳዶ፣ ፎልክስዋገን ባለክብ ብሎን ይጠቀማሉ። ቸርኬ ቀይሮ የድሮውን ዳዶ መጠቀም ስለዚህ ሁልጊዜ አይሆንም። ያልተስማማ ዳዶ የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ ቢጠብቅም ቶሎ ይላላል።

የማጥበቂያው ልክ ለቪትዝና ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በረጅም ቧንቧ ላይ ቆሞ ማጥበቅ ብሎኑን ይስበዋል፤ እንዲያውም መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ባለቤቱ መፍታት እንዳይችል ያደርጋል። አሎይ ቸርኬ ከተገጠመ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ዳዶዎቹ ዳግመኛ መፈተሽ አለባቸው።

ዲያሜትር መለወጥና የሴቻ ዳገት

ቸርኬው ከ14 ወደ 15 ኢንች ሲያድግ የጎማው ጎን መቀነስ አለበት፤ ዓላማው የጎማው ጠቅላላ ቁመት እንዳይለወጥ ነው። የ175/65 አር 14 ቁመት 355.6 ሲደመር ሁለት ጊዜ 113.75፣ ማለትም 583.1 ሚሊ ሜትር ነው። 185/55 አር 15 ሲሰላ 584.5 ይሆናል፤ ልዩነቱ ከ0.3 በመቶ በታች ስለሆነ ከቁመት አንጻር ጥሩ ምትክ ነው። 185/65 አር 15 ግን 621.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6.6 በመቶ ይበልጣል። በተለምዶ ከ3 በመቶ በላይ መለወጥ አይመከርም።

ልዩነቱ መጀመሪያ የሚታየው በፍጥነት መለኪያው ነው፤ 100 ሲል መኪናው በእውነት 106 ያህል ይሄዳል። ሁለተኛው ግን በአርባ ምንጭ የበለጠ ይሰማል። ከተማዋ ታችኛው ሲቀላና ላይኛው ሴቻ በሚባሉ፣ አራት ኪሎ ሜትር ያህል በሚራራቁ ሁለት ክፍሎች የተሠራች ሲሆን በመካከላቸው ያለው መንገድ ዳገት ነው። ቁመቱ የጨመረ ጎማ ማርሹን እንደማራዘም ስለሚቆጠር ትንሽ ሞተር ያለው መኪና ዳገቱን ሲወጣ ይደክማል። ሲወርድም ፍሬኑ ይከብደዋል፤ የጎማው ራዲየስ 6.6 በመቶ ሲያድግ ለተመሳሳይ የማቆም ኃይል ፍሬኑ 6.6 በመቶ የበለጠ መሥራት አለበት። ትልቅ አሎይ ቸርኬ ሁልጊዜ ከብረቱ ይቀላል የሚለው እምነትም ልክ አይደለም፤ በርካሽ የተሠራ ባለ16 ወይም ባለ17 ኢንች አሎይ ከፋብሪካው ባለ14 ብረት ሊከብድ ይችላል።

የጎን ቁመት መቀነሱም ዋጋ አለው። በ185/55 ላይ በአስፋልቱና በቸርኬው መካከል ያለው ጎን 101.75 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከቀድሞው 12 ሚሊ ሜትር ያነሰ። በከተማ ውስጥ አይታወቅም። ወደ ዶርዜና ጨንቻ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሲመታ ግን የጎማው ጎን በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ይቆነጠጣል፤ በኋላ በጎኑ ላይ እብጠት ይወጣል። ያበጠ ጎማ የውስጥ ክሩ የተቆረጠ ስለሆነ አይጠገንም። የስፖርት መኪና ባለቤቶች ዝቅተኛ ጎን የሚመርጡት በኩርባ ላይ ጎማው እንዳይታጠፍ ነው፤ መንገዱ ለስላሳ ሲሆን ምክንያታቸው ያስኬዳል። ለጋሞ ደጋ መንገዶች ግን የፋብሪካው ልክ፣ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ጎን፣ ብልህ ምርጫ ነው።

ነፋስና ከፍታ

የነፋስ መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ስለዚህ ከፍታ ሲለወጥ ንባቡም ይለወጣል። ከአርባ ምንጭ (1,285 ሜትር አካባቢ) ወደ ጨንቻ (ከ2,700 ሜትር በላይ) ሲወጣ የውጩ አየር ስለሚሳሳ ንባቡ በ2 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። በሌላ በኩል ደጋው ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ንባቡ 1.5 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ አብዛኛውን እርስ በርስ ይጣፋሉ። ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ ሲወረድም አቅጣጫው ተገልብጦ ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ስለዚህ በቆላ ሙቀት ጎማ ይፈነዳል በሚል ስጋት ከተለጠፈው ልክ በታች መንፋት ምክንያት የለውም። ይልቁንም ያነሰ ነፋስ ያለው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፤ በሞቃት ቀን ከጭነት ጋር ለመፈንዳት ዋናው መንስኤ ይህ ነው። መለካት የሚገባው ጎማው ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ጠዋት ከመነሳት በፊት ነው።

ሚኒባስና የጭነት መኪና

የመሸከም አቅም ስህተት ከሁሉ የከፋው በሚኒባስ ላይ ነው። ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሚሠራው ቶዮታ ሃይስ የሚጫማው 195 አር 15 ሲ ሲሆን መለያው 106/104 ነው፤ አንዱ ጎማ በነጠላ 950 ኪሎ ግራም ይችላል። «ሲ» የጭነት ጎማ መሆኑን ያመለክታል። 195/65 አር 15 91 ደግሞ የቤት መኪና ጎማ ሆኖ በ615 ኪሎ ግራም ይቆማል። በስፋቱና በቸርኬው ቁጥር አንድ ዓይነት ስለሆኑ በዚያው ቸርኬ ላይ ይገባል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ሰው ሞልቶና ጣሪያው ላይ ዕቃ ጭኖ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የሚሄድ መኪና ላይ ይህን መግጠም ከእያንዳንዱ ጎማ አቅም ላይ ከሲሶ በላይ መቀነስ ነው። የቀድሞው ሃይስ ክብ 5×114.3፣ የአሁኑ 6×139.7 ስለሆነ ቸርኬያቸውም አይለዋወጥም።

በአይሱዙ ኤንፒአርና መሰሎቹ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። 7.50-16 የሚለው ባለናይለን ጎማ ከ7.50 አር 16 ራዲያሉ ጋር በአንድ አክስል ላይ አይቀላቀልም፤ ሁለቱ በኩርባ ላይ የተለያየ ባሕርይ አላቸው። በኋላ ድርብ ጎማዎች ላይ ደግሞ አንዱ አዲስ አንዱ ያለቀ ከሆነ ረጅሙ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል።

የፊትና የኋላ ልዩነት

በብዙ የስፖርት መኪኖች፣ ለምሳሌ በፖርሽ 911፣ የኋላው ጎማ ከፊቱ ይሰፋል። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ጎማ ከፊት ወደ ኋላ ማዘዋወር አይቻልም። የሚዞርበት አቅጣጫ በቀስት የተመለከተበት ጎማ ከሆነ ደግሞ ከቸርኬው ሳይወጣ ከግራ ወደ ቀኝም አይለወጥም።

ይህ ልማድ ለኢትዮጵያ ባዕድ የነበረ ሲሆን በኤሌክትሪክ መኪኖች በኩል ገብቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ከተስፋፉት አንዱ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ነው። በ19 ኢንች ቸርኬ ከፊት 235/55፣ ከኋላ 255/50 ይጫማል፤ ክቡ 5×112፣ የመሐል ቀዳዳው 57.1 ነው። አራት አንድ ዓይነት ጎማ ገዝቶ መግጠም የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መኪናው ከባትሪው ጋር 2 ቶን አካባቢ ስለሚመዝን የመሸከም መለያውን ዝቅ ማድረግም አይቻልም። ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም። በከተማ ውስጥ ችግር የለውም፤ በሶዶና በአርባ ምንጭ መካከል ባለው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ግን የዚህን ልክ ጎማ በመንገድ ዳር ጎሚስታ ዘንድ ማግኘት ዘበት ስለሆነ መጠገኛና የነፋስ መሙያ ይዞ መንቀሳቀስ ይሻላል።

በአራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚነዱ መኪኖች ደግሞ ተቃራኒውን ይጠይቃሉ። አራቱም ጎማ በቁመት እኩል መሆን አለባቸው፤ አንድ አዲስ ጎማ ከሦስት ያለቁ ጋር ሲገጠም በዲፈረንሻሉ ላይ ያልተቋረጠ ልፋት ይፈጥራል። በሌሎች መኪኖች ላይ ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ሲገዛ በአንድ አክስል ላይ አብረው ይገቡና ወደ ኋላ ይሆናሉ። የፊት አሽከርካሪ መኪና ባለቤት ይህን መስማት ባይወድም፣ በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ የሚንሸራተት የኋላ ጎማ መኪናውን ስለሚያዞረው ከፊቱ ይልቅ ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

ባጃጅ

ከሲቀላ ሴቻ ሰው የሚያመላልሰው ባለሦስት እግር ባጃጅ የልክ ጥያቄው ቀላል ነው፤ ሦስቱም እግሮች 4.00-8 ጎማ ከነከመነዳሪው ይጫማሉ፣ ስኮርታውም ለሁሉም ይሆናል። ምርጫው በፕላይ ብዛት ላይ ነው፤ ሰው አብዝቶ ዳገት ለሚወጣ ከባለአራት ይልቅ ባለስድስት ፕላይ ይሻላል። ቸርኬው ግን ከመኪና ይለያል፤ በብሎን የተጋጠሙ ሁለት ግማሾች ነው። ከሞዞው ጋር የሚያስሩት ዳዶዎችና ሁለቱን ግማሾች የሚያያይዙት የተለያዩ ሲሆኑ፣ ነፋሱ ሳይወጣ የኋለኞቹ ከተፈቱ ግማሾቹ በኃይል ተለያይተው የሚፈታውን ሰው ይመታሉ። ስለዚህ ቸርኬው ለሁለት ከመከፈቱ በፊት የቫልቩ ልብ ወጥቶ ነፋሱ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ቀለበት ባላቸው የድሮ የጭነት መኪና ቸርኬዎችም አደጋው ያው ነው፤ በእነዚያ ላይ ግን ጉዳቱ በብዛት የሚደርሰው ሲፈታ ሳይሆን ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ ሲነፋ ነው።